የደሴቱን ኪራይ የሚከፍለው ቤት

ጅጅጋ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባስልዮስ፣

ጋሼ ብዬ እንዳልጀመርኩ አይተሃል። የታናሽ ወንድምህ የይሁን ሚስት ሆኜ ወደ አባታችሁ ግቢ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እርስዎ ስልህ ኖሬአለሁ። ስትገባ እነሣለሁ፣ ስትቆጣ አንገቴን እደፋለሁ። ዛሬ ግን አንተ እልሃለሁ። ይህን አንብበህ ስትጨርስ በምን ስም እንደምትጠራኝ ስለማውቅ፣ ቀድሜ እኩል ሆኜ ልጠብቅህ ብዬ ነው።

አንተ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በድምፅ ልልክልህ እችል ነበር። የድምፅ መልእክት ግን ሰው መኪና እየነዳም ይሰማዋል። ይህን ተቀምጠህ እንድታነብ እፈልጋለሁ። ከቻልክ ባሕሩ በሚታይበት በረንዳህ ላይ ተቀመጥ። የዓመት ኪራዩ ቀድሞ የተከፈለ ስለሆነ ከዚያ የሚያስነሣህ የለም።

ስለ ኑሮ ውድነት ልጀምር፤ ካንተ ጋር ሌላ ወሬ ኖሮን አያውቅምና። በ2012 የሆቴል ሒሳብ ኃላፊ ሆነህ ሚስትህን ሶሲናንና ልጅህን ይዘህ ዛንዚባር ስትገባ የመጀመሪያው ስልክህ «ገነት ነው ቀለም፣ ገነት! ዓሣውን ከባሕር ሲያወጡት ቆመሽ ታያለሽ» የሚል ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ገነቱ ዋጋ አወጣ። የውጭ አገር ሰው ቤት የሚከራየው በዶላር ነው፣ ያውም የዓመቱን በአንድ ጊዜ። መብራቱ በቅድሚያ የሚሞላ ነው፤ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሲያጓራ አድሮ የሳምንቱን ይጨርሰዋል። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስ የሁለት ወር ደሞዝህን ይወስዳል። የልጅህ ትምህርት ቤት የፈረንጅ ልጆች የሚማሩበት ነው፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤት አልሆነህም። ቅቤው፣ ፖሙ፣ የሶሲና የፊት ቅባት ሳይቀር በመርከብ የሚመጣ ነው። ገበያ ስትወጣ መልክህ እንደነሱ ስለሆነ በነሱ ዋጋ የምትገዛ መስሎህ ነበር፤ አፍህን ስትከፍት የፈረንጅ ዋጋ ጠሩብህ። ይሄን ስትነግረኝ ስቄአለሁ። ስልኩን ከአፌ አርቄ ስለነበር አልሰማኸኝም።

አንድ ቀን ጠየቅኩህ። «ጋሼ፣ የአገሩ ሰው ምን ይበላል?»

«ካሳቫ፣ ሩዝ፣ ዓሣ። በኮኮናት ይሠሩታል።»

«እሱስ ውድ ነው?»

«ኧረ እሱ ርካሽ ነው። ግን እኛ እንደነሱ መኖር አንችልም፤ ሶሲና ሆዷን ያማታል።»

ሶሲና ጅጅጋ ተወልዳ ሩዝ በሙዝ እየበላች ያደገች ልጅ ናት። እዚህ ሆዷን ሲያማት አላየሁም።

እሺ፣ ደሞዝህ ያንን ሁሉ እንደማይሸፍን ሁለታችንም እናውቃለን። የሚሸፍነው የአባትህ የአሥር አለቃ ቀናው ቤት ነው። አስፋልቱን የሚያዩት ሦስቱ ሱቆች ተከራይተዋል፤ ኪራዩን እኔ ሰብስቤ ለአንድ ነጋዴ እሰጣለሁ፣ የነጋዴው ሰው እዚያ በዶላር ይሰጥሃል። እኔ የምኖረው ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው፤ በርበሬ አዘጋጅቼ ለሱቆች እያስረከብኩ። አምና ክረምት ዶላር ሽቅብ ሲወጣ የጅጅጋው ኪራይ እዚያ ሲደርስ ግማሹ ቀለጠ። አንተም በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ኪራይ አስጨመርከኝ። የምትጨምረው አንተ፣ በየበሩ ቆሜ የምሰደበው እኔ።

የመጀመሪያውን ሱቅ የተከራየውን ጀዕፈርን ታውቀዋለህ፤ የወሎው መጋረጃ ነጋዴ፣ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ። ሦስተኛውን ጭማሪ ስነግረው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ አፍጥጦ አየኝ።

«እትዬ ቀለም፣ ጋሽ ባስልዮስ የተከራየው ቤት ነው ባሕሩን ነው?»

«መብራቱ ውድ ነው ይላል። ማቀዝቀዣ አለው።»

«ታዲያ የሱን ነፋስ እኔ ነኝ እንዴ የምከፍለው? እኔ በመስኮት ነው የምተነፍሰው!»

ጀዕፈር ቀልዶ ከፈለ። የመጨረሻውን ሱቅ የተከራየችው ልብስ ሰፊዋ ናስትሆ ግን አልቀለደችም። የስፌት መኪናዋን በጋሪ ጭና ወጣች። ስትወጣ አላየችኝም፤ ዐሥር ዓመት አብረን ኖረን።

ከዚያ የካቲት ላይ ያ መልእክትህ መጣ። ሦስት ጊዜ ስለሰማሁት ቃል በቃል ልጽፍልህ እችላለሁ። «ቀለም፣ እዚህ አልተቻለም። ቤቱን ልሸጠው ነው። ዐብዲከሪም የሚባል የሲሚንቶ ነጋዴ ሊገዛው ተስማምቷል፤ ቀብዱን ተቀብዬ የዓመት ኪራዬን ዘግቻለሁ። የቀረውን ለሽያጩ ስመጣ እንጨርሳለን። አንቺ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ የኋላውን ክፍል ልቀቂ። ለአንቺ አንድ ክፍል መከራየት ምን አላት? እዚያ እኮ ኑሮ ርካሽ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩህ። ሌላ ቃል አላውቅም ነበር።

ባስልዮስ፣ ከዚህ በታች ያለውን አንተ ታውቀዋለህ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ግን ለፍርድ ቤት ስለሚሰጥ፣ የማያውቀው ሰው እንዲገባው አድርጌ ልጽፈው።

አሥር አለቃ ቀናው ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ባስልዮስና ይሁን ከሟች ሚስታቸው፤ ሂባቅ ደግሞ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ሚሬ ከምትባል የባቢሌ ሶማሌ። አባታችሁ ልጃቸው መሆኗን ደብቀው አያውቁም። በወታደርነት ዘመናቸው ከተፈሩት በላይ በእርጅናቸው ይህችን ልጅ ይፈሯት ነበር፤ መድኃኒታቸውን ካልዋጡ ትቆጣቸዋለች። መጨረሻ ላይ አልጋ ሲይዙ አራት ወር ሙሉ ያገላበጥናቸው እሷና እኔ ነን። አንተ እሑድ እሑድ ትመጣና በር ላይ ቆመህ «እንዴት አደሩ?» ትል ነበር።

በመጋቢት 2010 ሞቱ። ግንቦት ላይ ከቀበሌ ሰው መጣ፤ ለወራሽነት ማስረጃ የቤተሰቡን ሁኔታ ሊያጣራ። ከዚያ ቀን በፊት ማታ አንተ እኔንና ይሁንን አስቀምጠህ «ይሄ ቤት ለሦስት ከተቆረሰ ለማንም አይሆንም። ለሁለት ከሆነ የኋላው ክፍልና አንዱ ሱቅ የእናንተ ነው» ብለኸናል። ይሁን ተነሥቶ ወጣ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ።

የቀበሌው ሰው ብዕሩን ይዞ «አንቺ ነሽ ያስታመምሻቸው? ከነዚህ ከሁለቱ ሌላ ልጅ አላቸው?» አለኝ። አንተ ከኋላው ቆመሃል።

«የላቸውም» አልኩ።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ፊደል የለየሁት ይሁን ከሞተ በኋላ ነው፤ እሱ ትቶልኝ ከሄደው የመጽሐፍ ሳጥን ጋር ብቻዬን ስቀር። ስለዚህ «ምን እንደተጻፈ ሳላውቅ ፈረምኩ» ብዬ ላመልጥ እችል ነበር። ግን ሰውየው ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ከሁለቱ በስተቀር ሌላ ተወላጅ እንደሌላቸው አረጋግጣለሁ።» ሰምቼ ነው አውራ ጣቴን የተጫንኩት።

ሁለት ወር ተኩል ቆይቶ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ከተማው ሲጨስ፣ ሱቅ ሲዘረፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል እኛ የት ነበርን ባስልዮስ? አንተ፣ እኔ፣ ይሁን፣ ሶሲና ከሕፃኑ ጋር፣ አምስታችንም ሂባቅ የተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ነበርን። አራት ቀን። እኔና ሶሲና አልጋዋ ስር፣ አንተና ይሁን ከጆንያዎቹ ኋላ። ሰዎች መጥተው በሩን ሲደበድቡ ሂባቅ ወጥታ በሶማልኛ ስትመልስላቸው ሰምተናል። አንተ ሶማልኛ ከሁላችን በላይ ታውቃለህ። «እዚህ ያሉት ወንድሞቼ ናቸው። የምትነኳቸው እኔን ረግጣችሁ ነው» ነው ያለችው። ሰዎቹ ሄዱ።

አደጋው አልፎ ከዚያ ቤት ስንወጣ ያንን ወረቀት እንደምትቀደው እርግጠኛ ነበርኩ። ቀድሜ ሄጄ «ዋሽቻለሁ» ማለት እኔም እችል ነበር። ጠበቅኩህ። አንተ ግን በኅዳር ወረቀቱን ፍርድ ቤት አስገብተህ ማስረጃውን አወጣህ። ሂባቅን ደግሞ «ቤቱ የቀበሌ ኪራይ ነው፤ አባባ የተዉልን ነገር የለም» አልካት። አመነችህ። ዕቃዋን ይዛ ባቢሌ ገባች፤ ኦቾሎኒ ትነግዳለች።

ይሁን በ2013 የፋሲካ ማግስት ደም ግፊት ጣለው። ልጅ ስላልነበረን የሱ ድርሻ ለወንድሙ ነው ተባለ፤ የተባለልን አንድ ሱቅም ካንተ ጋር ሄደ። እኔ በኋላው ክፍል በምሕረትህ እኖራለሁ ተባለ። አልተከራከርኩም። እኔ ራሴ ሌላዋን ሴት አስወጥቼ የተቀመጥኩበት ቤት ነው፤ በየትኛው አፌ እከራከራለሁ?

እንግዲህ አሁን ወደ ስህተትህ ልምጣ።

ከጅጅጋ ስትወጣ ሁሉንም ነገር ጣልከው፤ ዕድሩን ግን አልጣልክም። «ሬሳዬ አገሬ ነው የሚገባው፤ መዋጮዬ አንድ ወር እንዳያልፍ» እያልክ በየወሩ ከኪራዩ ላይ አስከፍለኸኛል። መልእክትህ በመጣ በሳምንቱ እንደልማዴ የወሩን መዋጮህን ይዤ ጀዕፈር ሱቅ ገባሁ። ቤቱ መሸጡን ስነግረው «እንግዲያው አድራሻውን ላስተካክል» ብሎ መዝገቡን አወጣ። ያንተን ገጽ ገለጠ። እኔም እንደ ልጅ አዲስ ነገር ባየሁ ቁጥር ማንበብ ስለማልተው ከጎኑ ቆሜ አነበብኩ። የአባል ስም፣ የሚስት ስም፣ የልጅ ስም። ከዚያ በታች፦ «እህት፤ ሂባቅ ቀናው፤ ባቢሌ።»

«ጀዕፈር፣ ይሄን ማን ጻፈው?»

«ራሱ ነዋ! የዛሬ ሦስት ዓመት ለጥምቀት መጥቶ አልነበር? ዕድሩ ለእህትና ለወንድም ሞት የሚከፍለውን ከፍ ያደረገ ጊዜ ሁሉም እንደ አዲስ ይመዝገብ አልን። ሰዉ የጎረቤቱን ሟች ሁሉ ወንድሜ እያለ አስቸገረና። ያልተመዘገበ ዘመድ ቢሞት ሳንቲም አንከፍልም።»

«እህቴ ብሎ አስመዘገባት?»

«ፊርማው ያውልሽ። እንዲያውም ‹ከተመዘገበ በስንት ጊዜ ነው ክፍያው የሚጸናው?› ብሎ ጠይቆኛል። ስድስት ወር አልኩት። በጣቱ ቆጠረ!» ጀዕፈር ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። «ምነው እትዬ? ምን ሆንሽ?»

የሆንኩትን ልንገርህ። ያ የጥምቀት ሳምንት ትዝ አለኝ። ሂባቅ ሐረር ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ኩላሊቷን ታማ። አንተ ሄደህ ጠየቅሃት። ስትመለስ «አትተርፍም» አልክ፤ ዓይንህ እርጥብ ነበር። እኔ ሞኟ፣ ደሙ ነው፣ ጸጸቱ መጣበት ብዬ በልቤ አዘንኩልህ። ለካ አንተ ያንኑ ቀን ዕድር ቤት ገብተህ ሞቷን አስመዝግበህ ነው የመጣኸው። በፍርድ ቤት እህት የለኝም ያልከውን ሰውዬ፣ የእህትህ ድንኳን ሲጣል የሚከፈለው ገንዘብ ወንድም አደረገህ። የመኖሪያ ፈቃድህ የሚታደስበት ዓመት ነበር፤ አስታውሳለሁ። ሂባቅ ግን ዳነችብህ።

ጀዕፈርን የገጹን ግልባጭ ስጠኝ አልኩት። ነገሩን ነገርኩት፤ የኔን ውሸት ጨምሬ። «አስታግፊሩላህ» አለና መዝገቡን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረደ።

በማግስቱ ባቢሌ ሄድኩ። ሚኒባሱ ካራማራን ሲወጣ ልወርድ ፈልጌ ነበር። ድንጋይ በድንጋይ ላይ በቆመበት ሸለቆ ስናልፍም ሾፌሩን አቁም ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት «እናቴ፣ ያዞርሻል እንዴ?» ብላ ሎሚ ሰጠችኝ።

ሂባቅን ገበያ ውስጥ ጆንያዋን ከፊቷ ከፍታ ኦቾሎኒ በጣሳ ስትሰፍር አገኘኋት።

«ቀለም! ማን ሞቶ ነው የመጣሽው?»

«ማንም አልሞተም» አልኩና ቆሜ ነገርኳት። ከተቀመጥኩ ማልቀሴ ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ መስፈሯን አላቋረጠችም።

«ቤቱ የቀበሌ አልነበረም?»

«አልነበረም። የአባታችሁ ነው።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ሌላ ልጅ የላቸውም ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ግንቦት። በሞቱ በሁለተኛው ወር።»

ጣቶቿን አጠፈች። «ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ። እኔ ቤት ስትደበቂ ፈርመሽ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ አንቺ አልጋዬ ስር ሆነሽ?»

«አዎ።»

ኦቾሎኒ የሚገዛው ሰውዬ «ሴትዮ፣ ጣሳውን ሙዪልኝ እንጂ፣ ታሪኩን በኋላ!» ብሎ ጮኸ። ሂባቅ ሞላችለት፤ በእፍኟም ጨመረችለት። ሰውየው ሄደ።

«ይቅር በይኝ ልትዪኝ ከሆነ አትዪኝ» አለችኝ። «ገበያ ላይ ነኝ።»

«አልልሽም። ምስክር ልሁንሽ ነው የመጣሁት።»

«በሱ ላይ?»

«በሱም በራሴም።»

«ለምን ዛሬ? ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። ከቤት ሊያስወጣሽ ስለሆነ ነው አይደል?»

እሷን አንዴ ስለዋሸሁ ሁለተኛ አልደግምም አልኩ። «እሱም አለበት» አልኳት።

ያን ጊዜ ሳቀች። ሂባቅ ስትስቅ አባታችሁን ትመስላለች፤ አንተ አትመስላቸውም። «ጥሩ» አለች። «ቂምሽን አምንሻለሁ። ጸጸትሽን ገና አላምንም።» ጆንያዋን አሠረችና ጎረቤቷን ጠብቂልኝ ብላ ከእኔ ጋር ሚኒባስ ተሳፈረች። ጅጅጋ እንደደረስን ቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ሄድን።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ስር የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ የእኔን ክፍል ሲደርስ እጁን ከማሽኑ ላይ አነሣ። «እናቴ፣ ‹ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ› የሚለውን ልተወው? ባንቺም ላይ ይመጣል እኮ።»

«ጻፈው» አልኩት። «ከላይ አድርገህ ጻፈው።»

የሆነውን ላሳጥርልህ። ፍርድ ቤቱ በቤቱ ላይ እግድ ሰጥቷል። ማዘጋጃ ቤት ስም ማዛወር አይችልም። ጊዜው አልፎበታል እንደምትል ጠብቀን ጠበቃ ጠይቀናል፤ የሚቆጠረው ሂባቅ ካወቀችበት ቀን ነው ብሎናል፣ ያወቀችው ደግሞ መጋቢት ላይ፣ ኦቾሎኒ ስትሰፍር ነው። የሱቆቹ ኪራይም እስከ ፍርዱ ድረስ በፍርድ ቤት ይቀመጣል። ላለፉት ሦስት ሳምንታት የነጋዴው ሰው እዚያ ምንም ያልሰጠህ ለዚህ ነው። በፋሲካ ዕለት ዐሥራ አንድ ጊዜ ደወልክ፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየሁት ምሳዬን በላሁ። ዶሮው ጥሩ ነበር።

ዐብዲከሪም መጥቶ ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው። «እናቴ፣ እኔ ሰው መክሰስ አልወድም» አለኝ። «ግን ቀብድ ተቀብሎ ያልሸጠ ሰው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ውላችንም ሕጉም እንደዚያ ነው። ደወልኩለት። ‹በገንዘቡ ኪራይ ከፍዬበታለሁ፣ አከራዩ አይመልስልኝም› ይለኛል። ምን አገባኝ? እኔ ሰውዬውን ባሕር ዳር ላኑረው ብዬ ነው ሲሚንቶ የምሸከመው?» አድራሻህን ጠየቀኝ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ ሰጠሁት።

እና እጥፉን ከየት እንደምታመጣ እያሰብክ ነው። ልጅህን ከፈረንጆቹ ትምህርት ቤት አውጣው። ማቀዝቀዣውን ዝጋ፣ መስኮት ክፈት። ጠዋት ባሕሩ ዳር ወርደህ ዓሣ ከአጥማጆቹ ግዛ፤ አፍህን ሳትከፍት በጣትህ እያሳየህ። ካሳቫ ልመድ። ሶሲና አንድ ሁለት ቀን ያማት ይሆናል እንጂ አትሞትም። ይሄን የምልህ እያሾፍኩ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የቅቤ ዋጋ የሰማሁ ሴት ይሄን ያህል ታሹፍ።

ገና የዋናውን አልነገርኩህም። ባለፈው እሑድ ዕድሩ ተሰብስቦ ነበር፤ ጀዕፈር የሁለቱን ወረቀት ግልባጭ አንብቦላቸዋል። በአንዱ እህት የለኝም ብለሃል፤ በሌላው እህቴ ናት ብለህ ፈርመሃል። «ወይ ፍርድ ቤቱን ዋሽቷል፣ ወይ እኛን» አለ። «ፍርድ ቤቱን ከሆነ የዳኛው ጉዳይ ነው። እኛን ከሆነ ደንባችን ግልጽ ነው፤ ይሰረዛል፣ ድንኳናችን ለሱ አይቆምም፣ አስከሬኑን የሚቀበል ሰው አየር ማረፊያ አንልክም።» አንድም ሰው አልተቃወመም። ከአባትህ ጋር የዘመቱት ሽማግሌ እንኳ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ስለዚህ ሰኔ 10 ቀን ዳኛው ፊት ቆመህ አንዱን ትመርጣለህ። ሂባቅ እህቴ ናት ካልክ ቤቱ ለሦስት ይከፈላል፤ የይሁንም ድርሻ ለሁለታችሁ ይከፈላል፤ ያለፉት ዓመታት ኪራይም ይጠየቃል። እህቴ አይደለችም ካልክ ከዕድሩ ትወጣለህ፤ እንግዲህ እዚያው ነህ። ያኔ ለውጭ አገር ሰው የመቃብር ቦታ በዶላር ስንት እንደሆነ ጠይቅ። እስከ ዛሬ ከዘረዘርክልኝ ዋጋ ውስጥ እሱን ብቻ ነው ያልነገርከኝ።

እኔም እዚያ እቆማለሁ። ዳኛው «ለምን ዋሸሽ?» ሲሉኝ «ለአንድ ሱቅ ኪራይ» እላለሁ፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ሊቀጡኝ ይችላሉ። ማታ ማታ እፈራለሁ፤ ውሸት የለውም። ግን ከግንቦት 2010 ወዲህ ሳልነቃ ያደርኩት እነዚህን ሦስት ሳምንታት ብቻ ነው። የበቀል እንቅልፍ ይሁን የሌላ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም።

ሂባቅ እግዱን የተቀበልን ቀን ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ስንወርድ፣ እውነቱን ከነገርኳት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ጠራችኝ።

«ቀለም፣ ካሸነፍኩ አንቺ የት ልትኖሪ ነው?»

«አላውቅም። አላሰብኩበትም።»

«እዚያው ኑሪ። ግን እንደ ማንም ሰው ኪራይ ትከፍያለሽ። በየወሩ። ሳላስታውስሽ።»

«ስንት?»

የነገረችኝ ዋጋ ርካሽ አይደለም። በርበሬውን በእጥፍ ማዘጋጀት ይኖርብኛል። ተከራከሪኝ የምትል መስላ ቆማ አየችኝ፤ አልተከራከርኳትም። ይቅርታ አላደረገችልኝም። ዋጋ ግን ነገረችኝ፤ ለኔ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አልነበራትም፣ ብትሰጠኝም አልቀበላትም ነበር። ፍርዱ ገና ነው፤ እኔ ግን አልጠበቅኩም። የመጀመሪያውን ወር ባቢሌ ድረስ ወስጄ በእጇ ሰጥቻታለሁ። ከጆንያው ላይ ሳትነሣ ተቀበለችኝና የሚቀጥለው ሠላሳ ቀን ሲሞላ መሆኑን ነገረችኝ።

ሰኔ 10፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ እንዳይረሳህ።

ቀለምወርቅ፣
የሂባቅ ቀናው ተከራይ